የአባቴ «አዎ»

ሰው እኔን ሲያይ ደስ ብሎት አያውቅም። ለማማረር አይደለም የምለው፤ ሥራዬ ጥርስ መንቀል ነው። ቱሉ ዲምቱ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚያጋጥሙኝ ጎረቤቶች ሰላም ሲሉኝ ነጠላቸውን ወይም መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ከሳቁ የበሰበሰውን አይቼ «ነገ ኑ» የምላቸው ይመስላቸዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለች አንዲት እናት ደግሞ ልጇ አልበላም ባለቻት ቁጥር በጣቷ ወደ እኔ ትጠቁማለች፤ «ያቻትልሽ መጣች! ትነቅልሻለች!» ልጅቷ አሁን አሁን ገና ከሩቅ ስታየኝ ሁለቱንም ከንፈሮቿን ወደ ውስጥ ትውጣቸዋለች። አንድ ቀን ለመታረቅ ከረሜላ ልገዛላት አስቤ ነበር። ከጥርስ ሐኪም የሚጠበቅ አይደለም ብዬ ተውኩት።

ሥራ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰለቸኝ ጥርስ አይደለም። ጥርስስ ምን አደረገ? የሰለቸኝ ፍርሃት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈራ ሰው ፊት እያዩ መዋል ከወገብ ሕመም በላይ ያደክማል። ክሊኒካችን አጠገብ ካለው ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚመጣ ሰው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከጋለ ብረት ጋር ሲታገል የሚውል ጎልማሳ ነው። መርፌዋን ሲያይ «ቆይ አንዴ ስልክ ላናግር» ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። አንዱ የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል ብለውኛል ይላል። ሌላዋ ስታቃስት አድራ ትመጣና ወንበሩን ስታየው «አሁን ተሻለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመለሳለች። ድሮ እመክር ነበር፣ አባብል ነበር። አሁን አሁን «እሺ፣ ሲብስብዎት ይምጡ» ነው የምለው። ይብስባቸውና ይመጣሉ።

ለልምምድ የሚላኩልን ተማሪዎችም ያው ናቸው። ታካሚው መነቀልን ይፈራል፣ እነሱ መንቀልን ይፈራሉ። ጉጠቱን ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ታካሚው ያንን ያይና እሱም ይብስበታል። ሁለት ፈሪዎች በአንድ ጥርስ ላይ ይፋጠጣሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሁሌም የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበረኝ። የመጀመሪያ ጥርሴ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ የነቀልኩት ማለቴ ነው። የአባቴ ጥርስ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ እያንዳንዳችን መምህሩ ፊት አንድ ጥርስ ነቅለን ማሳየት ነበረብን። ለእኔ የደረሰችኝ ሴትዮ «ተማሪ ናት እንዴ የምትነቅለኝ?» ብላ፣ ደረቷ ላይ ያሰርኩላትን ወረቀት እንኳን ሳትፈታ ወጥታ ሄደች። ከመስኮት ሳያት ወረቀቷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አስፋልቱን ስትሻገር ነበር። ሁለተኛው ሰውዬ ቁመቴንና እጄን አየት አድርጎ «ወንድ ሐኪም የለም?» አለ። መምህሩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልነቀልሽ ልምምዱን ትደግሚያለሽ አለኝ። የዚያን ዕለት አቃቂ ቤታችን ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ወጥተው መምጣታቸው ነበር፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። እኚህ አባቴ ጎበዝ የሚባሉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ማሽን የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ሲቆርጠው በጨርቅ ጠቅልለው ፈረቃቸውን ጨርሰው ነው የወጡት፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ለቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቁና «ለዚህ ነው እንዴ? እኔ የምታስቸግረኝ አንዲት መንጋጋ አለችኝ። እሷን ንቀያት» አሉኝ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መርፌውን ወጋሁ። መምህሩ እጁን አጣምሮ ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ትንሽ ጠበቅሁና ጉጠቱን አንስቼ «አባባ፣ ደነዘዘዎት?» አልኳቸው። አፋቸው እንደተከፈተ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። አዎ አሉኝ ማለት ነው። መቼም እኛ አዎ ለማለት ቃል አያስፈልገንም፤ ትንፋሽን ሳብ ካደረጉ በቂ ነው፣ በስልክ እንኳን እንግባባበታለን። ነቀልኩት። መንጋጋዋ በዋዛ የምትወጣ አልነበረችም፤ ወዝውዤ፣ ጠምዝዤ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ታግዬ ነው ያወጣኋት። አባቴ ቅንድባቸውን እንኳን አላነቃነቁም። በአንደኛው ዓይናቸው ጥግ ውሃ አይቻለሁ፤ የመብራቱ ነው ብዬ አለፍኩት። መምህሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንዲህ ያለ ታካሚ ይስጥሽ!» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አባቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጥጡን አጥብቀው ይንከሱ ስላልኳቸው ነው ብዬ ነበር።

ይህን ታሪክ ለስንት ተማሪ እንደነገርኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ሲያልቅ የምላት ነገርም ነበረችኝ፤ «ማደንዘዣውን በደንብ ከሰጣችሁ ምንም አይሰማቸውም። ካላመናችሁ አባቴን ጠይቁ።» የሚጠይቅ ግን አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አባቴ ከዚያ በኋላ የጥርስ ሐኪም ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ድሮ የባቡር ሐዲዱ ካለፈበት አጠገብ ባለው አሮጌ ቤታችን ብቻቸውን ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ ስመጣ ታክሲ የምቀይረው እዚያው ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጎራ እልና አይቻቸው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ያለፈው ክረምት ሙሉ ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። ሻያቸውን ቅመም እያበዙበት ነው ብዬ አሰብኩ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ መብላት ጀመሩ፤ እርጅና ነው አልኩ። ከኪሳቸው የማይጠፋው ቆሎ ጠፋ፤ ያንንም ልብ አላልኩትም። የሰው አፍ ሲመለከት የሚውል ሰው የአባቱን አፍ አላየም። አንድ ቀን ቅርንፉዱን በምላሳቸው ወደ ግራ ጉንጫቸው ሲገፉት አየሁና ነገሩ ገባኝ።

«አባባ፣ ጥርስዎን ታመዋል!»

«ኧረ ደህና ነኝ። ይተወኛል።»

«እስኪ ልየው።»

«ጾሙ ይፈታና።»

ጾሙ ተፈታ። በዓሉ ይለፍ አሉ። በዓሉ አለፈ፤ ጠበል ልጠመቅበት አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላቸው፣ «ጥርስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? የወተት ጥርስ ሲወድቅ ማን ሐኪም ጠራ?» ብለው መለሱልኝ። ባልደረቦቼ የጥርስ ሐኪሟ አባት ጥርሳቸውን በቅርንፉድ ያክማሉ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር፤ በኋላ መረረኝ። ቀኑን ሙሉ የባዳን ፍርሃት ተሸክሜ ውዬ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የአባቴን ለመሸከም አቅም አልነበረኝም። «እሺ፣ እንደፈለጉ» ብዬ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ ጥርስ ማንሳት ተውኩ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ያ ሁለት ሳምንት ነው።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጋቢውን ገለጥ አደረግሁት። በግራ በኩል መንጋጋቸው ሥር አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ስነካው ያቃጥላል። አፋቸው ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። ውሃ ሲውጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲህ ያለ እብጠት ወደ አንገት ሲወርድ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ወደ ጉሮሮ ይገባና መተንፈሻ ይዘጋል። ያን ጊዜ ያየሁት ሰው በጥርስ ምክንያት ሞተ ሲባል ለቀስተኛው አላመነም ነበር።

«ይነሱ፣ እንሂድ» አልኩ።

«ነገ ልጄ። ዛሬ ደክሞኛል።»

«አባባ፣ ነገ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል! ይሄ እብጠት ይገድልዎታል!» ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እሳቸውም ደነገጡ፤ ጫማቸውን በእግራቸው መፈለግ ጀመሩ።

ባጃጅ ጠርቼ ወደ ክሊኒካችን ወሰድኳቸው። ክሊኒኩ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የደብረ ዘይት መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይነዝራል። ደረጃውን በየሦስት እርከኑ እያረፉ ወጡ። የፀረ ተሕዋስያን መርፌ አስወጋኋቸው። ራጅ ተነሱ። ከታች ያለው የመጨረሻ መንጋጋ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ያ ጥርስ ሳይወጣ እብጠቱ አይቀንስም።

የዚያን ቀን ከእኔ ጋር የተመደበችው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የመሣሪያ ሰሐኑን ስትይዝ ብረቱ እርስ በርሱ እየተጋጨ ቀጭቀጭ የሚልባት ልጅ ናት። እኔም ለራሴ መረጋጋት ፈልጌ መሰለኝ፣ መርፌውን እያዘጋጀሁ ያቺን ታሪክ ጀመርኩላት። ስለ መምህሩ፣ ወረቀት አንጠልጥላ ስለ ሮጠችው ሴትዮ፣ ስለ መንጋጋዋ ነገርኳት። ስጨርስም እንደ ወትሮዬ «ምንም አልተሰማቸውም» አልኩና ወደ ወንበሩ ዞሬ፣ «ይኸውልሽ፣ ባለቤቱ ራሳቸው አሉ። ጠይቂያቸው» አልኳት።

ልጅቷ እውነት መሰላትና ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ እውነት ምንም አላመመዎትም?»

አባቴ ጣሪያውን አዩ። ባበጠ መንጋጋቸው ቃል እየመረጡ «አይ ልጄ» አሉ። «አልደነዘዘኝም ነበር።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «እንዴ፣ አባባ! አዎ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አዎ አላልኩም። ጉጠቱን ሳየው ደንግጬ ነው።»

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። ያ ድምፅ እንደገና ተሰማኝ፤ ወደ ውስጥ የተሳበችው ትንፋሽ። ፈረንጆች እኛ አዎ ስንል የደነገጥን ይመስላቸዋል እየተባለ ይሳቅባቸዋል። እኔ አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያደግሁት፣ የገዛ አባቴን ድንጋጤ አዎ ነው ብዬ ተቀብዬ፣ ሳይደነዝዝ መንጋጋቸውን ጠምዝዤ አወጣሁ። ከዚያም ሃያ ዓመት ሙሉ በኩራት አወራሁት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ያ ሰውዬ ከኋላሽ ቆሞ ነበር። ብጮህ ይጥልሻል ብዬ ነዋ።»

«በኋላስ? ቤት ስንገባስ?»

«በኋላማ ደስ ብሎሽ ነበር።»

አፈርኩ። ሌላ ቃል አላገኝለትም፤ አፈርኩ። ታክሲ ውስጥ ዝም ያሉት፣ ዓይናቸው ጥግ ያየሁት ውሃ፣ የጾሙ፣ የበዓሉ፣ የጠበሉ ምክንያት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ሰው ይህን ያህል ዓመት ከልጁ ጉጠት ሲሸሽ ኖሮ አንድ ቀን እንኳን አንቺ ነሽ ያስፈራሽኝ አላለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይኸው ደረሰባቸው፣ ያቺው ልጅ ያንኑ ጉጠት ይዛ።

ሌላም የማውቀው፣ ለአባቴ ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። መግል የያዘ ቦታ ለማደንዘዣ እሺ አይልም። የዛሬው ከዚያኛው ሊብስ ይችላል። አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም ፈቃድ ላይ ነው። ወደ መሀል ከተማ ልላካቸው ብል በዚያ የመንገድ መጨናነቅ እኩለ ቀን ይሆናል፤ እዚያ ደርሰውም ወረፋ አለ። መርፌውን ሰሐኑ ላይ መለስኩት።

ወንበሬን ወደ አባቴ ፊት ሳብኩና «አባባ፣ ይስሙኝ» አልኳቸው። «ዛሬ ከኋላዬ የቆመ ሰው የለም። የሚጥለኝ የለም። በትንፋሽ አልጠይቅዎትም። ካልደነዘዘዎት እጅዎን ያንሱ። መቶ ጊዜም ቢሆን ያንሱ። እሺ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወጋሁ፣ ጠበቅሁ፣ ድዱን በብረት ጫፍ ነካ አደረግሁት። እጃቸው ተነሣ። ጫፏ የጎደለችው ጣት አየር ላይ ቆመች። ጨመርኩላቸው። ከታች ከባድ መኪና አለፈ፤ ወለሉ ነዘረ፤ ጠበቅን። እንደገና ነካሁ። እጃቸው እንደገና ተነሣ፤ አሁን ቀስ ብሎ። ሌላ ቦታ ፈልጌ ጨመርኩ። ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ታካሚዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ግድ አልሰጠኝም።

በሦስተኛው ከንፈራቸው ወደ ታች ተንጋደደ፤ ምራቃቸው ሳይታወቃቸው አገጫቸው ላይ ወረደ። ድዱን ጠበቅ አድርጌ ወጋ አደረግሁት፤ ዓይናቸው እንኳን አልተርገበገበም። ደንዝዟል። ጉጠቱን አነሣሁ። እጃቸው ተነሣ።

«አባባ፣ ደንዝዟል እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ በሚታዘዝላቸው በግማሽ አፋቸው። «ፈርቼ ነው።»

ጣቱን ጠቅልሎ ፈረቃውን ጨረሰ የተባለው ሰው ናቸው ይህን ያሉት። ከአባቴ አፍ ፈራሁ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጉጠቱን ሰሐኑ ላይ መለስኩትና በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። የተነሣችውን እጃቸውን ያዝኳት፤ ቀዝቅዛለች። «እኔም ፈርቻለሁ» አልኳቸው። አልመከርኳቸውም፤ አይዞዎት እንኳን አላልኩም። ተማሪዋ ሰሐኑን እንደያዘች ቆማለች፤ ብረቱ መጋጨቱን ትቷል። በመጨረሻ አባቴ እጃቸውን ከእጄ አወጡና ራሳቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

ያን ጊዜ ነቀልኩት። ሥሩ ሲወጣ መግሉ ተከትሎ ፈሰሰ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አባቴ በረዥሙ ተነፈሱ፤ ወደ ውጭ።

ከሰዓት በኋላ ድረስ አጠገቤ አስተኝቻቸው እብጠቱ አለመጨመሩን ካየሁ በኋላ በባጃጅ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ጥጥ ነክሰዋል። እንደዚያን ጊዜው ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ ዛሬስ? አመመዎት?»

ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

አዎ ይሁን፣ ድንጋጤ ይሁን፣ ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ አስደንግጧቸው ይሁን አላወቅሁም። ከእንግዲህ ይህን ድምፅ ማመን አልችልም። «በቃል» አልኳቸው። «በቃል ይንገሩኝ።»

አባቴ ጥጡን ከአፋቸው አወጡ። እንዳያወጡ አጥብቄ ነግሬያቸው ነበር።

«አዎ» አሉ። «መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ።»

ከቦርሳዬ አዲስ ጥጥ አወጣሁና ሰጠኋቸው። ተቀብለው ነከሱት፣ እኔም ትከሻቸው ላይ ተደገፍኩ።